በበሩ እጀታ ላይ የቀረ ድር

በሰፈሩ «እትዬ በጓሮ» በሚል ስም የሚታወቁት እናታችን ከአባታቸው ከልብስ ሰፊውና ከእናታቸው ከአዋላጇ በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በኋላ የአባታቸውን ሱቅ እየጠረጉ ከመቀስ ሥር የሚወድቀውን ብጣሽ ክር ይሰበስቡ ነበር። ምን ሊያደርግላቸው እንደሆነ ሲጠየቁ «ይቀጠላል» ይሉ ነበር።

በ1963 ዓ.ም. ከአናጢው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው የሽመና ዕቃ ሊሠሩላቸው ቃል የገቡት በዚያው ዓመት ነው። ነገር ግን የሰው በርና መስኮት ሲሠሩ ጊዜው ነጎደ። እትዬ በጓሮ እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። የመጥረጊያ እንጨት ቆርጠው ክር ማንሻ፣ የተሰበረ ማስመሪያ ሞርደው ማግ መምቻ አደረጉ። የድሩን አንድ ጫፍ በሳሎኑ በር እጀታ ላይ ቋጠሩ፤ ሌላውን በባለቤታቸው የሱሪ ቀበቶ ከራሳቸው ወገብ ጋር አሰሩና በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ወደ ኋላ ለጠጥ እያሉ መሸመን ጀመሩ። ባለቤታቸው ሱሪያቸውን በሲባጎ አስረው ሥራ ይሄዱ ነበር።

በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። አንድ ቀን ባለቤታቸው ረስተው ከደጅ ቢስቡት፣ ድሩም በርጩማውም ሚስታቸውም አብረው መጡ። እትዬ በጓሮ ከወለሉ ሳይነሡ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛ ይህን በር እንዳትስብ፤ ቋጠሮውንም በእጅህ እንዳትነካ!» አሉ። እሳቸውም አልነኩም። ከዚያ ወዲህ በሩን ላንኳኳ ሁሉ ከውስጥ የሚሰማው መልስ «በጓሮ!» የሚል ነበር። ቆጣሪ አንባቢውም፣ የሴት ልጃቸው ሙሽራ ከነሚዜዎቹም በጓሮ ገብተዋል።

ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወልደው በዚያ በር ፊት አሳደጉ። በሰፈሩ ተወልዶ እሳቸው በሸመኑት ጨርቅ ያልተጠቀለለ ሕፃን አይገኝም።

ባለቤታቸው ጡረታ ሲወጡ ቃላቸውን ፈጸሙ፤ በእግር የሚረገጥ ትልቅ የሽመና ዕቃ ሠርተው ሳሎን አቆሙ። እትዬ በጓሮ እንጨቱን ዳበስ ዳበስ አድርገው መረቋቸው። ጥቂት ቀን ሞከሩት። ከዚያ እርጥብ ልብስ ማስጫ አደረጉትና ወደ በራቸው ተመለሱ። ባለቤታቸው «እንግዲያው ቀበቶዬን መልሺልኝ» ቢሉም አላገኙም።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው፣ ለባለቤታቸው ትከሻ የሚሆን ልብስ ጀምረው እኩሌታው ላይ ሳሉ አልጋ ያዙ። ቋጠሮውን «ሲሻለኝ ራሴ እፈታዋለሁ» ብለው ነበር። ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ73 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

አስከሬናቸውን ለማውጣት የመጡ ጎረቤቶች፣ መንገድ እንዲኖር ድሩ ይቆረጥ አሉ። ባለቤታቸው መቀሱን ተቀብለው በሩ ፊት ቆሙ። ከዚያ መቀሱን ኪሳቸው ከተቱት። እትዬ በጓሮ በጓሮ ወጡ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ብጣሽ ክር እንኳ ለማይጥሉት እናት፣ ከእጁ ምንም የማይወድቅበት አምላክ ለነፍሳቸው ማረፊያ ይስጥልን።

እኛን ለማጽናናት ወደ ቤት የምትመጡ ወዳጆች፣ የሳሎኑ በር እንደታሰረ ነው። እባካችሁ በጓሮ ግቡ።