በአህያ ስለደረሰው መጠባበቂያ ቤንዚን

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ጸጋዬ ደምሌ፣ የ«ለምለም ጨፌ» የወተት ላም አርቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ፣ የማኅበሩ ሞተር ሳይክል ባለአደራ፣ እንዲሁም ዳምጤ የሚባለው ኮርማ ጌታ፤
አርብ ገበያ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ ዘንድ እየተመኘሁ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የባለቤትዎን፣ የልጆችዎን፣ የበቅሎዎንና የከብቶችዎን ደኅንነትም እንዲሁ። በተለይ ዳምጤ እንደምን እንደሰነበተ ማወቅ እሻለሁ፤ የእሱ መወፈርና የእኔ መንገድ ላይ መቅረት በምን እንደተሳሰሩ ገና አጣርቼ አልጨረስሁምና። እኔ የማኅበሩ አዳቃይ ቴክኒሻን ጽጌረዳ ጌታነህ፣ ከአቧራውና ከእግር ጉዞው በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የምለጥፈው ክብርዎን ለመንካት አስቤ አይደለም። ከዚህ በፊት በእጅዎ የሰጠኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ ከእጅዎ እስከ ዓይንዎ ባለው መንገድ ላይ ቤንዚን ጨርሰው ስለቀሩ ነው።

እርስዎ ነገሩን ቢያውቁትም፣ የወፍጮ ተራ እየጠበቀ ለሚያነብ ሰው ትንሽ ማስረዳት ይገባኛል። ላም ኮርማ ስትፈልግ የተመረጠ የወተት ዘር በማቀዝቀዣ ዕቃ ይዤ በማኅበሩ ሞተር እደርሳለሁ። ማታ የታየች ላም በማግስቱ ጧት፣ ጧት የታየች ደግሞ ከሰዓት በኋላ መዳቀል አለባት፤ ካለፈች ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ሞተሩ ቤንዚን ሲጨርስ ደግሞ ከቤንዚን ቋቱ ከሰልባትዮው ሥር ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ወደ ሪዘርቭ ቢያዞሯት፣ ከግርጌው የቀረው ወርዶ ሰውን ካሰበበት ያደርሳል ይባላል። የእኛ ሞተር ሪዘርቭ ግን አንድ ቀን ይሰጣል፣ አንድ ቀን ይነሳል፤ የትኛው ቀን የመስጫው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ሰበብ እንዲያጣ ግን ሞልቼውም ለምኜውም አይቻለሁ።

አንደኛው አቤቱታዬ ስለዚሁ ሪዘርቭ ነው። በጥር መጨረሻ፣ ከወንዙ ማዶ ዳገቱ ላይ የሚኖሩት፣ ቤታቸውን በአንዲት ላም ቅቤ የሚያስተዳድሩት እትዬ የትናየት ደወሉልኝና ላማቸው ወለላ ኮርማ ፈልጋለች አሉኝ። ወዲያው ተነሣሁ። ወንዙን ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ዝም አለ። ቁልፏን ወደ ሪዘርቭ አዞርሁ፤ ምንም የለም። ሞተሩን በጎኑ አስተኝቼ ነቀነቅሁት፣ እንደታመመ ሰው አገላበጥሁት፣ የሰልባትዮውን ክዳን ከፍቼ በአፌ ነፋሁበት፤ መንገደኛ ቆሞ እስኪስቅብኝ ድረስ የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። ከሳምንት በፊት በዚያው ቁልፍ ቤቴ ያስገባኝ ሪዘርቭ ያን ቀን አላውቅሽም አለኝ። እትዬ የትናየት ጠብቀው ጠብቀው ቀኑ ሲያዘቀዝቅባቸው፣ ጎረቤት መክሯቸው ላሚቱን በአቋራጭ ወደ ዳምጤ ነዱ። የዳምጤ አገልግሎት በምርቃት ብቻ እንዳልነበር ሰምቻለሁ። ወለላ ግን ከዳምጤ አልያዘችም፤ በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ኮርማ ጠየቀች። ጥፋቱም የወለላ ሆነ፤ ዳምጤን ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? ዕድሜ ለማንም እንደማይቀር ግን በዚህ አጋጣሚ በትሕትና አስታውሳለሁ።

ሁለተኛው፣ እርስዎ ዝም በማለትዎ ብቻ ንጹሐን ሰዎችን እንድጠረጥር ስላደረጉኝ ነው። እናቴ «ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» እያለች ያሳደገችኝ ሰው ስለሆንሁ መጠርጠር አያቅተኝም። መጀመሪያ በሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን የምትሸጠውን ብርቄን ውኃ ትጨምርበታለች ብዬ ጠረጠርሁ፤ በብርጭቆ ቀድቼ ባስቀምጠው እንደ ጠበል ጥርት ብሎ አደረ። ብርቄ ይህን ሰምታ እስከ ዛሬ ለእኔ መሸጥ ትታለች። ቀጥዬ የመጋዘኑን ዘበኛ ጋሽ ገብሬን ጠረጠርሁ። ማታ ማታ ሞተሩን ሳስረክብ ሰንበሌጥ በሰልባትዮው ውስጥ እየነከርሁ፣ ልክ ቅቤ ፈታሽ በቅሉ ውስጥ እንጨት እንደምትሰድድ፣ የረጠበበትን ቦታ በጥፍሬ ምልክት አደርግ ነበር። ጧት ስለካው አንድ ጥፍር ያህል እንኳ አልጎደለም። ጋሽ ገብሬ አንድ ቀን ደርሰውብኝ «እኔስ ልጄ፣ ቤንዚን ጠጥቼ ወዴት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?» ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ። ሁለቱንም ሰዎች በዚሁ በር ላይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በነገራችን ላይ፣ በዚያ ሁሉ ምርመራ ያልነከርሁበት አንድ ቦታ የእርስዎ ጓዳ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው እንግዲህ የጓዳው ነገር ነው። የንፋስ መውጫ ከተማው መካኒክ ሞተሩን ፈትቶ ካየ በኋላ፣ በሰልባትዮው ውስጥ ያለችው ቀጭን ቧንቧ ተሰንጥቃለች፣ ሪዘርቩ የማይታመነው ለዚህ ነው፣ ትለወጥ አለ። ይህንን ባቀርብልዎ «ሞተሩ ይሄዳል አይደል?» ብለው በአጭሩ መለሱልኝ። ጉባኤው ግን አዘነልኝና፣ ቧንቧዋ እስክትገኝ ድረስ በትንሽ ጀሪካን መጠባበቂያ ቤንዚን ከሞተሩ ኋላ ታስሮ እንዲሄድ ወሰነ። ቀድመው እጅዎን ያወጡት እርስዎ ስለነበሩ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ጀሪካኑ ተሞልቶ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አላየሁትም።

በዚያው በሦስተኛው ሳምንት፣ በየካቲት ወር በአንዱ ሐሙስ ማታ፣ ወለላ ኮርማ ፈለገች ተባልሁ። ዓርብ ጧት ወደ ወንዙ ስወርድ ሞተሩ እንደለመደው አስሎ ቆመ፤ ሪዘርቩም ያ ቀን የመንሻው ነበር። ገበያ ውለዋልና ደወልሁልዎ። «አይዞሽ ልጄ፣ ምን ያስጨንቅሻል፤ መጠባበቂያው ከጓዳ ተቆልፎበት ተቀምጧል፣ ጠብታ አልጎደለም» አሉኝ። ጠብታ እንዳልጎደለ እኔም አውቅ ነበር፤ እሱ ቢጎድል ኖሮ እኔ መንገድ ላይ ባልቀረሁ። ለምን እንደተቆለፈ ብጠይቅዎ ደግሞ «ይዘሽው ብትዞሪ ካለ ተብሎ ይነዳል፤ የዘር እህል ከጎተራ ወጥቶ መንገድ አያድርም» ብለው አስተማሩኝ። ትምህርቱን ተቀብያለሁ፤ ከገበሬ ቤት ተወልጄ የዘር እህልን ክብር አላጣውም። ነገር ግን ዘር እንኳ ሰኔ ሲገባ ከጎተራ ይወጣል። የእርስዎ መጠባበቂያ ሰኔው መቼ እንደሆነ ቢነግሩኝ ኖሮ መንገዴን ከወሩ ጋር አስማማው ነበር።

እንዳይቀርብኝ ብለውም ጀሪካኑን ከጓዳ አስወጥተው ከገበያ በሚመለስ ሰው አህያ ላይ ጫኑልኝ። አህያዋ ጨው፣ ሁለት ማረሻና አንድ ዶሮ ነበረባት። ባለቤቷ ጨዋ ሰው ስለሆኑ የሚያውቁት ሰው ደጅ ሁሉ እየቆሙ፣ ቤተሰቡን ከነከብቱ እየጠየቁ፣ የቀረበላቸውንም ሳይንቁ መጡ። እኔ የማቀዝቀዣ ዕቃዬን ታቅፌ ከወንዙ ዳር ተቀምጬ ነበር። ዕቃውን ተሸክሜ ዳገቱን ልውጣ ብዬ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። መጠባበቂያው የደረሰኝ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ክዳኑን በጅማት ጠፍረውት ስለነበር በማጭድ ቆርጠን ከፈትነው፤ ሰውየውም ጨዌ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ ብለው እኔኑ ወቀሱኝ። ጀሪካኑም በማግስቱ ተመልሶ ከጓዳዎ ተቆለፈበት።

እትዬ የትናየት ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ወለላ ተኝታ ታመሰኳለች፤ ጊዜዋ አልፏል። አንድ ክፉ ቃል ቢናገሩኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን «አለፈ'ኮ ልጄ፤ ነይ ግቢ፣ ደክሞሻል፣ እህል ቅመሽ» አሉኝ። አፈርሁ፣ ተናደድሁም፤ የቀረበልኝን ሽሮ እንዴት እንደዋጥሁት አላውቅም።

ለአራተኛው አቤቱታ ቦታውን ብቻ ትቼለታለሁ። ሳይሞላ እንደማይቀር እጠረጥራለሁ።

አምስተኛው የሚያስተኛኝ አይደለም። ወለላ አንድ ጊዜ ከዳምጤ አልያዘችም፤ አንድ ጊዜ እኔ አልደረስሁላትም፤ ይህ ተደምሮ መካን ናት ተባለ። የእትዬ የትናየት የባል ወንድም፣ በዚህ ወር ካልያዘች ለፋሲካ ቅርጫ ትሁን ብሎ ቆርጧል። እትዬ የትናየት «ላሜስ መካን አይደለችም፤ መካኑ ሞተራችሁ ነው» ብለው ቢከራከሩም የሰማቸው የለም። እሷ ከታረደች በዚያ ቤት ሌላ ላም የለም፤ ወደ አርብ ገበያ የሚወጣ ቅቤም የለም። የቅርጫውን ማኅበር የሚሰበስበው ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ወፍጮ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ እንዲህ ነው ብዬ አልፈርድም። ነገሩ የቁጠባ ፍቅር ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ለክፉ ቀን ማስቀመጥን የሚያውቁ ሰው ነዎት፣ ምናልባት ክፉ ቀን ማለት ምን እንደሚመስል ብቻ ሳይነግሩዎት ቀርተው ይሆናል። ሆኖም ሞተሩ ሲቆም ላም የሚነዳለት ኮርማ የእርስዎ፣ ላም ሳትይዝ ስትቀር የሚጠራት ቅርጫ የእርስዎ፣ ሞተሩ እንዳይቆም የሚያደርገው ጀሪካን ቁልፍም በእርስዎ አንገት ላይ ሲሆን፣ ሰው ሳይወድ በግድ ያስባል። ከማስብ ይልቅ በግልጽ ቢነግሩኝ እመርጥ ነበር፤ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» ይባል የለ?

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ጀሪካኑ ከጓዳ ወጥቶ ጉባኤው እንደወሰነው ከሞተሩ ኋላ ይታሰር፤ የወለላ ሦስተኛ ጊዜም በዚህ ሳምንት ስለሆነ ከዚያ በፊት ይሁን።

በመጨረሻም ላደረጉልኝ ሁሉ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው። በእርስዎ ቸርነት እግሬ ጠንክሯል፤ ከወንዙ እስከ አርብ ገበያ ያለውን ድንጋይ አንድ በአንድ አውቄዋለሁ፤ ሞተር ስገፋ ያየኝ ገበሬ ሁሉ ስሜን ይዞልኛል። አህያ ከሞተር እንደምትሻልም በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሷ ሪዘርቭ የላትም፣ ግን ደርሳለች።

በሁለት ጎማ ወጥታ በሁለት እግሯ የምትመለሰው፣ ከዳገቱ ሥር ሆና እጅ የምትነሣ ታዛዥዎ፣
ጽጌረዳ ጌታነህ
መጋቢት፣ አርብ ገበያ

ግልባጭ፦
ለብርቄ፣ ከይቅርታ ጋር፤
ለጋሽ ገብሬ፣ ከሁለት ይቅርታ ጋር፤
ለአህያዋ፣ ለአስፈላጊው ክትትል።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ለጥፌ ሳልጨርስ ስልኬ ሁለት ጊዜ ጠራ። የመጀመሪያው እትዬ የትናየት ነበሩ፤ ወለላ ከንጋት ጀምራ ትጮኻለች። ሁለተኛው እርስዎ ነበሩ፤ ከዳምጤ የተወለደችው ጊደርዎ ሞገሴም ዛሬ ኮርማ ፈልጋለች፣ «ቶሎ ድረሽልኝ፣ ይቺስ ለዳምጤ አትሆንም» አሉኝ። አባትን ከልጁ አታገናኙ ብዬ በስብሰባ ያስተማርሁትን ስላልረሱ ደስ ብሎኛል። አራተኛው ቦታም እንደጠረጠርሁት ሞላ፤ የሁለታችሁ ቤት ከአርብ ገበያ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ነው፣ በሰልባትዮው ያለው ቤንዚን ደግሞ የሚበቃው ለአንድ መንገድ ነው፣ ብርቄም አትሸጥልኝም። ስለዚህ ወደ ወለላ ሄጃለሁ፤ ይህን ሲያነቡ ወንዙን ተሻግሬአለሁ። ወደ እርስዎ የምመጣው ስመለስ መጠባበቂያው ወንዙ ዳር ከጠበቀኝ ነው። ቁልፉ በአንገትዎ አለ፤ አህያዋም መንገዱን ታውቀዋለች። እስከዚያው ዳምጤን በአጭር ገመድ አስረው ያቆዩት፤ አባቷ ነውና።