አባባ ያስተማሩኝ ትንፋሽ

ውድ አባባ፣

ከለቡ ተነስቶ ዱራሜ የሚደርስ፣ በጌታ ፍቅር የተሞላ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ ይጠናብዎታልና ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በእግር ነው ወይስ ወንድሜ ቃለሕይወት በሞተሩ ያደርስዎታል? እማማስ ደም ግፊቷ ፋታ ሰጣት? መድኃኒቱን ስትውጥ አጠገቧ ይቁሙ፤ እኔ እዚያ እያለሁ እንኳ ትራስ ሥር ትደብቀው ነበር።

እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን። ልቤ ግን ደህና ስላልሆነ ነው ወረቀት ያነሳሁት። በስልክ ስናወራ እማማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለጎረቤት ሁሉ ስለምታሰማ እንዲህ ያለው ነገር አይወራም። አብራኝ የምትኖረው ወርቄ ወደ አገር ስለምትወርድ በእጅዎ እንድትሰጥዎ አደራ ብያታለሁ። ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ባለፈው የቃለሕይወትን ሰርግ ሲነግሩኝ "እህቱ ሳትዘምር ሰርግ አይሆንም፣ መዝሙሩን ምረጪ" ብለውኝ እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አባባ፣ መምጣት አልችልም። ብመጣም መዘመር የምችል አይመስለኝም።

ሥልጠና ገባሁ ያልኩዎት የአልሞ ተኳሽ ፖሊሶች ሥልጠና ነው። ሰው ታግቶ ወይም የታጠቀ ሰው ሕዝብ መሀል ገብቶ፣ ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ፣ ከሩቅ ሆኖ አንድ ጥይት የሚተኩስ ፖሊስ ማለት ነው። ሰው ማዳን ነው ብዬ ነው የገባሁት፤ እውነትም ነው። የሚገርምዎት፣ ትምህርቱ አብዛኛው ተኩስ አይደለም። ጉንዳን አንገትዎ ውስጥ ቢገባ እንኳ ሳይነቃነቁ በደረት ተኝተው አንድ መስኮት ሲያዩ መዋል ነው።

ከዚያ ትንፋሽ አለ። አሰልጣኛችን ኢንስፔክተር ክብረት "ትንፋሹ ወጥቶ ሲያልቅ፣ አዲሱ ሳይገባ፣ እዚያች ጸጥታ ላይ ቃታውን ሳቡ" ይለናል። ሌሎቹ ሲታገሉ ከረሙ፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን ያዝኩት። ከየት ተማርሽው ቢለኝ "አባቴ የመዘምራን መሪ ነው" አልኩትና ሰልጣኙ ሁሉ ሳቀ። እርስዎ እኮ ነዎት መዳፍዎን ሆዴ ላይ አድርገው "ከስንኝ ወደ ስንኝ አትቸኩዪ፤ ትንፋሽሽ ሲያልቅ እዚያች ዝምታ ላይ እረፊ፤ ጌታ የሚሰማሽ እዚያ ነው" ይሉኝ የነበረው። ያቺው ቦታ ናት አባባ። እኔም ሞኟ ያን ቀን ኩራት ልቤን ነፋው።

ክፋቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ለእይታ ልምምድ እዚሁ ለቡ አንድ ያላለቀ ፎቅ ላይ ወጥተን ነበር፤ መሣሪያ የለም፣ የሩቅ ማሳያ መነጽር ብቻ። ያየነውን መናገርና ርቀቱን መገመት ነው። ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ዳር የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ሲራመድ ግራ እግሩን ልክ እንደ እርስዎ ይጎትታል። አባባን መሰለኝ ብዬ ከማሰቤ በፊት አፌ ርቀቱን ተናግሮ ነበር፤ የንፋሱን አቅጣጫ ሳይቀር። ኢንስፔክተሩ "ጎበዝ!" አለኝ። ማንን እንደሚመስል የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው እሁድ ደግሞ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ስንዘምር፣ ስንኙ አልቆ ሁላችን ዝም ስንል የቀኝ እጄ ጣት ቃታ እንደሚስብ ማይክራፎኑ ላይ እጥፍ አለ። በሚቀጥለውም ስንኝ እንደዚያው። ላስቆመው ብል እምቢ አለኝ። ወርቄ አጠገቤ ነበረችና "ደግሞ ምት መምታት ጀመርሽ?" ብላ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ።

ዝም ብዬ የተቀመጥኩ እንዳይመስልዎ። ኢንስፔክተር ክብረትን "አልወደድኩትም፣ ወደ ጣቢያዬ ይመልሱኝ" ብዬ ለመንኩት። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ጠልቼው ይወጣልኝ ነበር። እሱ ግን ሻይ ጋብዞኝ "እኔ የምፈራው ይህን ሥራ የሚወድ ሰው ሲመጣልኝ ነው፤ መሣሪያውን የምሰጠው ለመተኮስ ለማይቸኩል ነው" አለኝ። እንግዲህ ምን ይባላል? ልልቀቅ እንዳልል የፈረምኩት የአገልግሎት ዘመን ገና ነው።

ስለዚህ የመጨረሻውን ፈተና ልወድቅ ወሰንኩ። የዒላማውን የሰው ሥዕል ትቼ ከጆሮው ወደ ግራ፣ ባዶው ወረቀት ላይ እያለምኩ ተኮስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር የተነሳሁት! ወረቀቱ ሲመጣ ጥይቶቼ ሁሉ የስኒ አፍ በምታህል ቦታ ላይ ተሰብስበዋል። ወይኔ! መተኮስ የማይችል ሰው እንደዚያ አይስትም እኮ። መበተን ነበረብኝ፤ እጄ ግን መበተን ረስቷል። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ "የመሣሪያው መነጽር ነው የተዛባው" ብሎ አንደኛ አወጣኝ። ሲያልፍ ቀስ ብሎ "ምሥጋና፣ መሳት እንኳ አትችዪም" አለኝ። እሱም ያዘነልኝ መሰለኝ።

አሁን ምድቤ ወጥቷል። በሰርጉ ሳምንት ለጥሪ ዝግጁ ሆኜ ስለምቆይ ከከተማ መውጣት አይፈቀድልኝም። አባባ፣ እፈራለሁ። ትእዛዙ የመጣ ቀን እጄ እኔን ሳይጠብቅ ይሠራዋል። ተገቢ ቢሆን እንኳ፣ የሰው ነፍስ ቢያተርፍ እንኳ፣ ከዚያ በኋላ በየመዝሙሩ ዝምታ ውስጥ የመታሁት ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። ምን ላድርግ? እርስዎም የሚያደርጉልኝ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ለማን ልንገር? እባክዎን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለምስክርነት ቆመው "ልጄ አንደኛ ወጣች" እንዳይሉ። ጸልዩላት ብቻ ይበሉ፤ ምክንያቱን አይንገሯቸው።

እማማን ጉንጭና ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ መድኃኒቱን አደራ። ቃለሕይወት እንዳይቀየመኝ፣ ሥራ ይዟት ነው ይበሉት፣ ውሸት አይደለም። ሙሽሪትን ሴናን ገና ሳላያት ወድጃታለሁ ይበሉልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ማሚቴን ስለላኩልኝ ቆጮ እጅ ነስቻለሁ። ትንሿን እህቴን ሊሊን እቅፍ ያድርጉልኝ፤ በሰርጉ ቀን እኔ በምቆምበት ቦታ እሷ ትቁምና ትዘምር። ትንፋሽ ማስተማር ጀምረዋታል አሉ፤ ያስተምሯት፣ ድምፅ አላት። ብቻ አባባ፣ እዚያች ዝምታ ላይ ብዙ አያቆይዋት፤ ቶሎ ወደሚቀጥለው ስንኝ ያሻግሯት።

ልጅዎ ምሥጋና
ለቡ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.