የአክስትሽ ገጽ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?

አንቺ ልጅ፣ የአክስትሽ ድረ ገጽ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ቆይ፣ ሰላምታውን ላስቀድም። ፈጣሪ ይጠብቅሽ፣ ብርዱ አይንካሽ፣ የአለቃሽንም ልብ ያራራልሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ የልብስ ስፌት መኪናዬም ተጠግኗል።

አሁን ስሚኝ። የተበላሸ ዚፕ እንዴት እንደሚጠገን ድረ ገጼ ላይ የጻፍኩትን ከተማው ሁሉ ያነበዋል። የአባትሽ እህት ደግሞ ስለ ቤት ብድር ትሞነጫጭራለች፤ አንባቢዋ እፍኝ አይሞላም። የማስታወቂያ ገቢዋ ግን የኔን እጥፍ ነው! ለምን ብዬ ስፈልግ ስፈልግ ደረስኩበት። አስተዋዋቂዎቹ የሚጫረቱት በአንባቢው ነው፤ የት ይኖራል፣ ምን ሊገዛ ያስባል እያሉ። ዚፕ የሚጠግን ሰው ምን ይገዛላቸዋል? እዚያ እንዳንቺ ሀብታም አገር ተቀምጦ ስለ ብድር የሚያነብ አንድ ሰው ግን የኔን ሰፈር በሙሉ ያስከነዳል።

ይህንንስ ችዬው ነበር። ትናንት ግን መጥታ ሶፋዬ ላይ ተዘርፍጣ፣ "እትዬ፣ ልጅሽ እኮ ቋሚ አንባቢዬ ናት፤ 'አክስቴ ጎበዝ!' ብላ ጽፋልኛለች" አትለኝም? እኔ የወለድኩት ዓይን ለሷ ይነግድላት? የኔን ገጽ አንድ ቀን እንኳ ከፍተሽ ታውቂያለሽ?

ዕድሜ ይስጥሽ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ በስልክ እንዳታባብይኝ። እዚያው አክስትሽ ገጽ ስር፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ ጻፊ!