የአቶ ኢንታ ሙንካም ሕይወትና ያልሰበሩት ማኒፎልድ

አቶ ኢንታ ሙንካም ከአባታቸው ከአቶ ካምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቡዋቻን፣ በሰሜን ታይላንድ፣ በላምፓንግ ኮ ካ ወረዳ፣ በእኛ በቡድሃ ዘመን አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 2504 ተወለዱ። አባታቸው ሩዝ አምራች፣ እናታቸው ኑድል ሻጭ ነበሩ። በመንደሩ ገዳም ፊደል ቆጥረው፣ በ2522 ከቴክኒክ ኮሌጅ በአውቶመካኒክ ተመረቁ። ሃያ ዓመት ሲሞላቸው እንደ ወጉ ለአንድ ክረምት መነኮሱ። በ2530 ከወይዘሮ ስሪፋይ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

ሥራ ላይ አይቸኩሉም ነበር። መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ያዩትን ሁሉ በእርሳስ ይመዘግባሉ። ወይዘሮ ስሪፋይ፣ "ለእኔ አንድ ደብዳቤ ጽፈህ አታውቅ፣ ለመኪና ስምንት ደብተር!" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2540 በአቶ ቡንሶም ጋራዥ ተቀጥረው አሥራ አምስት ዓመት አገለገሉ። በ2555 የመምህርት ራምፋ ፒክአፕ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱ በርቶ ገባ። ስካነሩ ያወጣው የብልሽት ኮድ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባውን ቱቦ፣ ማኒፎልዱን፣ የሚመለከት ነበር። አቶ ቡንሶም ማኒፎልዱ በሙሉ እንዲለወጥ አዘዙ፤ ተለወጠ። በሁለተኛው ወር መብራቱ እንደገና በራ።

ያን ጊዜ መኪናው ለአቶ ኢንታ ተሰጠ። ኮዱን አላጠፉትም። በማኒፎልዱ ውስጥ ያሉትን ክዳኖች የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ በሁለቱ ጫፍ ሲቆም ሴንሰሩ የሚሰጠውን ቮልት ለኩ። ቀጥሎ ዘንጉን በጣታቸው ገፉት፤ ከማቆሚያው ሁለት ሚሊሜትር አልፎ ሄደ። ክዳኖቹ ደህና ነበሩ። የተበላው ከአሮጌው ማኒፎልድ ተፈትቶ አዲሱ ላይ የተገጠመው የዘንጉ ፕላስቲክ ጫፍ ነበር። ከብረት ቁራጭ ትንሽ ማቆሚያ በሞረድ ቀርጸው አሰሩበት። መብራቱ ጠፋ።

መምህርት ራምፋ፣ "ታዲያ የመጀመሪያው ማኒፎልድ ለምን ተለወጠ?" ብለው ጠየቁ። አቶ ቡንሶም ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ወደ አቶ ኢንታ እየጠቆሙ መለሱ፦ "ይሄ ሰውዬ ሲፈታው ሰብሮት ነው። ና ተንበርከክ! ይቅርታ ጠይቃቸው!"

ታላቅ ልጃቸው የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች። አቶ ኢንታ ተንበርክከው ግንባራቸውን ሲሚንቶው ላይ አስነኩ። ልጃቸው በተመረቀች ማግስት መፍቻቸውን ሰብስበው ወጡ።

በዚያው ዓመት ከአቶ ቡንሶም በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ቦታውን የመረጡት ኪራዩ ስለረከሰ አይደለም። በአቶ ቡንሶም ጋራዥ ተፈትተው የተለወጡ ማኒፎልዶችን ከባለመኪናዎቹ እየለመኑ ወሰዱ። ጥላሸታቸውን አጥበው፣ አንድ በአንድ ፈትሸው፣ ደህና የሆነውን "አልተሰበረም" ብለው በነጭ ቀለም ጽፈው ከነቀኑ አጥራቸው ላይ ሰቀሉ። የተሰበረውን አልሰቀሉም፤ በዚህ ረገድ ለጠላታቸውም ጠንቃቃ ነበሩ።

አንድ ቀን አቶ ቡንሶም መንገዱን ተሻግረው መጡ።

"አንተ ኢንታ፣ ምን እያሰጣህ ነው?"

"ገበናህን። ሲደርቅ መጥተህ ውሰደው።"

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ተሰቀሉ። አጥሩ ሞላ፤ የአቶ ቡንሶም ግቢ ግን እየጎደለ ሄደ።

በ2566 አቶ ኢንታ በጉበት ካንሰር ታመሙ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳሉ አቶ ቡንሶም ፍራፍሬ በቅርጫት ይዘው፣ ሟችና ቋሚ ይቅር የሚባባሉበትን ወግ ሊያደርሱ መጡ።

"ኢንታ፣ ቂሙን እዚሁ እንተወው። እስከሚቀጥለው ሕይወት ድረስ አትከተለኝ።"

"ያዋረድከኝ ሰው ፊት ነው። ሰው ፊት አንሣኝ፤ ያን ጊዜ ነጻ ነህ።"

"እዚሁ ለሁለታችን ብናገረውስ?"

"ለሁለታችንማ ምን ያደርጋል? ሁለታችንም እናውቀዋለን።"

አቶ ቡንሶም ቅርጫቱን አስቀምጠው ወጡ። ቅርጫቱም በነርስ ተልኮላቸው ኮሪደሩ ላይ ደረሰባቸው።

አቶ ኢንታ ኅዳር 9 ቀን 2567፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አረፉ። ያ ኮድ ሲወጣ ጥፋቱ የት እንዳለ የሚፈለግበት መንገድ ከእነሥዕሉ ከስምንተኛው ደብተራቸው ተወስዶ፣ በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ በሚቀጥሉት ስድስት ገጾች እንዲታተምና ለለቀስተኛ ሁሉ በነጻ እንዲታደል ተናዘዋል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በኮ ካ ማንም ባለመኪና ደህና ማኒፎልድ ተሰበረ ተብሎ አይታለልም።

ወይዘሮ ስሪፋይ፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። የሠሩት በጎ ሥራ ሁሉ ወደ መልካም ስፍራ ይምራቸው፤ ዳግም ሲወለዱም አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሂዱ።

በአቶ ኢንታ ኑዛዜ መሠረት አቶ ቡንሶም ከፊት ረድፍ፣ መምህርት ራምፋም ከጎናቸው እንዲቀመጡ ተደርጓል። አስከሬናቸው የሚቃጠልበት እሳት የሚለኮሰው ልክ በአሥር ሰዓት ነው። ይህ ንባብ ቢያበቃም እስከዚያ ድረስ ማይክሮፎኑ አይዘጋም።