ለወንድማቸው እንኳ ያላደሉት ሐኪም የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ሐኪም ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው ሚያዝያ 9 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። በስድስተኛው ዓመት ይህን የእህቱን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ተከተላቸው፤ መከተሉንም ዕድሜ ልኩን አልተወም።

በትምህርታቸው ከክፍሉ አንደኛነት ወርደው አያውቁም። ወንድማቸው በየክፍሉ ሲገባ አስተማሪዎቹ የሚያውቁት በእሳቸው ወንድምነት ብቻ ስለነበር ነገሩን አምርሮ ጠላው። በ1972 ዓ.ም. በሕክምና ዶክትሬት ተመረቁ። ወንድማቸውም ሌላ ሙያ የጠፋ ይመስል እዚያው ገባ። በ1975 ዓ.ም. ከመድኃኒት ቀማሚው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ1984 ዓ.ም. ከሕመምተኞች ክፍል ወጥተው ወረቀት እስከ ጣሪያ ወደተከመረባት አንዲት ጠባብ ቢሮ ተዛወሩ። ሥራቸው ስለ ሳንባ ምች፣ ስለ ልብ ድካምና ስለ ስኳር በሽታ የተደረጉ ጥናቶችን መርምሮ ለሐኪሞች የሕክምና መመሪያ ማውጣት ነበር። እያንዳንዱን ጥናት ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ያነባሉ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይዳኛል። እሳቸው የማንንም ፊት አይተው አያዳሉም ነበር። ወንድማቸው ግን፣ አንድ ሕመምተኛ ሳይነኩ ሐኪሙን ሁሉ የሚያዙ ሆኑ እያለ በቅናት አረረ።

በ1993 ዓ.ም. የከባድ ሳንባ ምች መመሪያ ሲዘጋጅ፣ ወንድማቸው ስለ አንድ መርፌ ያደረገውን ጥናት በኩራት ላከ። ሕመምተኞቹን በዕጣ መደልደል ሲገባው፣ መርፌውን የሰጠው ይድናሉ ብሎ በዓይኑ ለመረጣቸው ነበር። እሳቸው የዝምድና ነገር ነውና ጥናቱን ለሌሎች ሁለት አንባቢዎች ሰጡ። ሁለቱም ጣሉት፤ እሳቸውም ፈረሙ። መመሪያው፣ ሌሎች ጥናቶች እንዳሳዩት መርፌው ኩላሊት ስለሚጎዳ ይቅር አለ። ከዚያ ወዲያ እህትና ወንድም ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ወንድማቸው ስህተት ፍለጋ የእህቱን መመሪያዎች ለዓመታት ሲበረብር ኖረ። ያገኘው አንድ የተሳሳተ የገጽ ቁጥር ነው፤ በሱም ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎት ከረመ። መርፌውን ግን መመሪያው በወጣ በሳምንቱ መስጠት አቁሞ ነበር። ይህን ለማንም አልተነፈሰም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ እሳቸው በጉበት ካንሰር አልጋ ያዙ። ወንድማቸው እያፈረም ቢሆን ሄዶ ስለ መርፌው ተናዘዘላቸው።

እሳቸውም፣ "እኔም የደበቅኩህ አለኝ። ከመፈረሜ በፊት ጥናትህን አሥራ አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የማስገባበት ቀዳዳ ፈልጌ አጣሁ" አሉት።

"ታዲያ ያኔ ምነው ሳትነግሪኝ፣ እትዬ?"

"እየጮህክ መቼ ሰማኸኝ?"

ሕመማቸው ጸንቶ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ያን ሁሉ ዘመን እሱ የእሳቸውን ጽሑፍ ያገላብጥ የነበረው ሊጥላቸው ነው፤ እሳቸው የሱን ያገላበጡት ሊያነሱት ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ዛሬ የሚቀናው በእውቀታቸው ሳይሆን በዚህ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። ለቀናተኛው ወንድማቸውም ልብ ይስጠው።