ባለቤቱ ያልጠየቀው ዕቃ

ለክቡር አቶ ኤመት ሆልብሩክ
የሆልብሩክ ሸለቆ መዝናኛ ፓርክ ባለቤት
ሲዳር ፎርክ፣ ሚዙሪ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በወረዳችን ጋዜጣ ላይ ሲደርስዎ፣ ጉልበትዎ ከቁርጥማቱ አርፎ፣ ቁርስዎ ተስማምቶዎት፣ እንቅልፍዎም ሰላማዊ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ስለ እንቅልፍዎ እጨነቃለሁ። ወንድሜ ክላይድ ከቆሰለ ወዲህ በቀኝ ጎኑ መተኛት ስለማይችል፣ በቤታችን ስለ እንቅልፍ አብዝተን እናወራለን።

እኔ በፓርክዎ መግቢያ አጠገብ ካለው የጠፋ ዕቃ መስኮት በስተኋላ የምቀመጠው ቬርና ፔቲት ነኝ። እንግዶች በውሃ ቦይ ከሚንሸራተተው ግንድ መሰል ጀልባ ላይ የሚጥሉትን መነጽር፣ ከባቡሩ ላይ የሚበርባቸውን ባርኔጣ፣ አንዳንዴም ሰው ሠራሽ ጥርስ ሳይቀር ተቀብዬ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ትምህርቴን በልጅነቴ ስላቋረጥኩ፣ ጽሕፈት የተማርኩት ማንም መጥቶ ካልጠየቃቸው መጻሕፍት ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢጎድል ጥፋቱ የረሷቸው እንግዶች ነው። ዛሬ ግን የምጽፍልዎ በሥራዬ ምክንያት ነው። አንድ ዕቃ ጠፍቶብዎታል፤ እስካሁንም ወደ መስኮቴ መጥተው «የኔ ነው» አላሉም።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ላመሰግንዎ የሚገባኝ ብዙ ስለሆነ፣ እንዳይምታታብኝ ቁጥር እየሰጠሁ እሄዳለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሚስማሩ አመሰግናለሁ። በፓርኩ በር ላይ የአያትዎ ዝገት የበላው ሽጉጥ የተንጠለጠለበትን ሚስማር፣ ከሥሩም «የኔ እዚህ ተሰቅሏል። የእርስዎስ?» የሚለውን ጽሑፍ የማያውቅ የሲዳር ፎርክ ሰው የለም። የክልላችን ሕግ ሰው ሽጉጡን በልብሱ ሥር ሸሽጎ እንዲሄድ እንደሚፈቅድ፣ በግል ግቢ ግን ባለቤቱ እንቢ ማለት እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። እርስዎ እንቢ ያሉን በቁጣ ሳይሆን በዚያ ሚስማር ስለነበረ ቅር ያለው ሰው አልነበረም። ከቤቱ ባዶ ወገቡን ወጥቶ የማያውቅ ገበሬ እንኳ መኪና ማቆሚያው ላይ ሲደርስ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ባርኔጣውን እንደሚያወልቅ ሁሉ፣ ሽጉጡን ፈትቶ መኪናው ውስጥ ቆልፎ ይገባ ነበር። አንድ አዲስ ፈታሽ ጎረቤታችንን ሽማግሌውን ሩፈስን «አባባ፣ ዛሬስ ምን ይዘዋል?» ቢላቸው፣ «ሚስቴን ይዣለሁ። እሷን ደግሞ ፈትሸህ አትጨርሳትም፤ ይልቅ መንገድ ልቀቅ!» ብለው ሰልፈኛውን ሁሉ አስቀውት ነበር።

ክላይድም ነዳጅ ማደያ ሲሠራ ከተዘረፈ ወዲህ ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጥ ይይዛል። በየማለዳው ግን መኪናው ውስጥ ይቆልፈዋል። «ኤመት የራሱን ከሰቀለ እኔ ማን ነኝና ነው?» ይለኝ ነበር። የአያትዎ ሽጉጥ መተኮስ ካቆመ ዘመን እንዳለፈው፣ የሚተኩሰው ግን ከእርስዎ ኮት ሥር እንዳለ ያላሳወቁን፣ መቼም ሰሌዳው ላይ ቦታ ጠብቦ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ስለ ምሥረታ በዓሉ ጨዋታ አመሰግናለሁ። በየዓመቱ የቆርቆሮ ሽጉጦች በየአበባው ሥርና በየወንበሩ ስንጥቅ ያስደብቁና፣ «ልጆች! ሸሪፉ ሽጉጡ ጠፍቶበታል! ያገኘ የሸሪፍ ኮከብ ይሸለማል!» ብለው በድምፅ ማጉያ ያስነግራሉ። ሸሪፉ ማን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ነው፤ ጋዜጣውን ለሚያነቡ እንግዶች ብዬ ግን ልናገር። ሸሪፉ ክላይድ ነው። የድሮ ዘመን ሕግ አስከባሪ መስሎ፣ ለትርዒት ከተሠራው ባንክ ፊት ለፊት ይቆማል። ልጅ የቆርቆሮ ሽጉጥ ደግኖ «እጅ ወደ ላይ!» ሲለው እጁን ያነሣል፤ ልጁ ሲተኩስበት ደረቱን ይዞ እየተንገዳገደ፣ «ወይኔ እናቴ! የፖም ኬኬን ሳልጨርሰው!» ብሎ ይዘረራል። ልጁ «ተነስ፣ ሸሪፍ!» እስኪለው ድረስም አይነሣም። በዚህ ወረዳ ያደገ ሁሉ ክላይድን አንድ ቀን ገድሎታል። ከሁሉ ቀድመው የገደሉት ግን እርስዎ ነዎት፤ ሁለታችሁም ቁምጣ ለባሽ ሳላችሁ፣ በእኛ ጓሮ፣ በእንጨት ሽጉጥ። ጨዋታው የተወለደው እዚያ ነው። ያኔ «ተነስ» ለማለት ይቸኩሉ ነበር፤ አስታውሳለሁ።

ሦስተኛውንም ቁጥር ለምስጋና አስቀምጬው ነበር፤ አልሆነልኝም። የሆነውን ብቻ ልናገር።

የበዓሉ ዕለት እንደ ልማድዎ የመጀመሪያውን ግንድ ጀልባ ተሳፈሩ። ጀልባው ከከፍታው ወደ ውሃው ሲወረወር እጅዎን ወደ ሰማይ ዘርግተው ጮኹ፤ ሕዝቡም አጨበጨበልዎ። ከዚያ ውሃው እየተንጠባጠበ ወደ መስኮቴ መጡና «ቬርና፣ ሰው ከረሳው መሀል ፎጣ አታጪም? በስብሻለሁ እኮ!» አሉኝ። ሰጠሁዎት። በዚያው ጊዜ ሄዘል የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር በዚያው ጀልባ ገብታ፣ እርስዎ በተነሡበት ወንበር ተቀምጣ፣ ከእግሯ ሥር ትንሽ ጥቁር ሽጉጥ አገኘች። ሕፃን ናት፤ በድምፅ ማጉያ የነገሯትን አመነች። ሌላ ልጅ እንዳይቀማት ዝናብ ልብሷ ውስጥ ሸሸገችው። ከጀልባው እንደወረደችም ከእናቷ እጅ አምልጣ ወደ ሸሪፉ ሮጠች።

ተኩሱ ሲሰማ ሰው ሁሉ ወደ ክላይድ ዞረ። እኔ ግን እርስዎ ፊት ለፊቴ ስለነበሩ እርስዎን አየሁ። እጅዎ ከኮትዎ ሥር ወደ ጀርባዎ ሄዶ፣ ቦርሳውን እንደተሰረቀ ሰው ባዶውን ዳበሰ። ፎጣው ከእጅዎ ወደቀ። «ቬርና» አሉኝ፣ «የኔ ነው።» ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም።

ከባንኩ ፊት ያለው ሕዝብ ያጨበጭብ ነበር። «ዛሬስ በልጦበታል!» ያለ ነበር፤ «ደሙ እንኳ ቁርጥ እውነት!» ያለም ነበር። ሄዘል «ተነስ፣ ሸሪፍ!» አለችው። አልተነሣም። «ተነስ እንጂ! ኮከቤን ስጠኛ!» አለች። ሕዝቡም ልጅቷን ለማገዝ ብሎ «ተነስ! ተነስ!» እያለ አብሯት ጮኸ። ፎጣዎን ከመሬት አንሥቼ፣ ሮጬ ደርሼ፣ ቁስሉን በእሱ እስክይዘው ድረስ ጭብጨባው አልቆመም።

አራተኛ፣ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ስላለቀሱት ልቅሶ አመሰግናለሁ። እውነተኛ ልቅሶ ነበር። ያኔ ብቻ ሳይሆን ዛሬም እውነተኛ ይመስለኛል፤ ይህን ደብዳቤ ያከበደብኝም እሱ ነው። አስመስለው ቢሆን ኖሮ መጥላት ይቀለኝ ነበር። በራስዎ በር ላይ ሽጉጥ ከልክለው ሳለ ለምን እንደታጠቁ ስጠይቅዎ «እናንተን ልጠብቅ ብዬ» አሉኝ። ጥበቃዎ ክላይድን ከአንገቱ አጥንት በታች አግኝቶታል፤ ሐኪሙ ቀኝ እጁ ከትከሻው በላይ እንደማይነሣ ነግሮናል። ከዚያ እጄን ይዘው «ቬርና፣ እኅቴ፣ እስከ ሰኞ ታገሺኝ። ለፖሊስ ምንም አትበይ። እዚያው ሚስማሩ ሥር ቆሜ፣ በራሴ አፍ እናገረዋለሁ» አሉኝ። ክላይድ ከማደንዘዣው እየነቃ ሰምቶን ነበር። «ኤመት እላለሁ ካለ ይላል፤ ተይው» አለኝ። ፖሊስ ሲጠይቀኝም «መስኮቴ ውስጥ ነበርኩ፤ ምንም አላየሁም» አልኩ። በሕይወቴ ያልሆነ ነገር መስክሬ አላውቅም ነበር፤ ይህንንም ስላስተማሩኝ ምስጋናዬን ይቀበሉ።

ሰኞ መጣ። አፍዎ ዝም አለና ጋዜጣው ተናገረ፦ «አንድ የትርዒት ሠራተኛ የፓርኩን ግልጽ መመሪያ በመጣስ የግል መሣሪያውን ወደ ውስጥ በማስገባቱና ከትርዒት ቁሳቁስ ጋር በመቀላቀሉ በደረሰው አደጋ ጥልቅ ሐዘን ይሰማናል።» ከክላይድ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «እስቲ ድገሚው፤ ስለ ሌላ ሰው ይሆናል» አለኝ። ደገምኩለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። የእርስዎ ስም ያለበት የአበባ ቅርጫት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረሰን፤ ካርዱ ላይ «ለውድ ሠራተኛችን» ይላል። ከሥራ የተሰናበተበት ደብዳቤ በማግሥቱ ሲመጣ ግን ስሙ በትክክል ተጽፎ ነበር።

ክላይድ ፈቃድ ያለው ባለ ሽጉጥ መሆኑ ለጠበቆችዎ ጠቀማቸው። የራሱ ሽጉጥ መኪናው ውስጥ ተቆልፎ ቢገኝም «ሁለት ነበረው» ይላሉ። የእርስዎ ግን፣ ሆስፒታል ራስዎ እንደነገሩኝ፣ ከገበያ ላይ ከሰው እጅ፣ ያለ ወረቀት የተገዛ ስለሆነ የታተመበት ቁጥር ወደ ማንም ደጅ አይመራም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ክላይድ «ሕፃንን ለመሣሪያ በማጋለጥ» ተከሶ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በዚህ ወረዳ ሲወድቅ ያላሳቀው ልጅ የሌለ ሰው፣ ከእንግዲህ ልጅ የማይጠጋው ሰው ተብሎ ሊፈረድበት ነው። ሄዘልም «ጀልባው ውስጥ ነው ያገኘሁት» ባለች ቁጥር፣ «አይደለም የኔ ቆንጆ፣ ሸሪፉ ጋ ካለው የመጫወቻ ሣጥን ነው፤ ተምታቶብሽ ነው» እያሉ ጠበቆችዎ ያባብሏታል። እናቷ ደውላ እንደነገረችኝ፣ ልጅቱ አሁን አንድ ነገር ከመናገሯ በፊት የሰው ፊት ማየት ጀምራለች።

አምስተኛ። በዚህ ወረዳ ስለ ሽጉጥ የሚደረገውን ክርክር ያውቁታል። ገሚሱ «ሁሉም ታጥቆ ቢሆን» ይላል፤ ገሚሱ «ማንም ባይታጠቅ» ይላል። እኔ ዝምተኛ ስለሆንኩ በክርክር ገብቼ አላውቅም። ግን አስቤበታለሁ። ሁሉም ታጥቆ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት በሄዘል ላይ ማን ይተኩስ ነበር? ማንም ባይታጠቅ ኖሮ ደግሞ ክላይድ ተነሥቶ ኮከቧን ይሰጣት ነበር። እርስዎ ያገኙት መንገድ ከሁለቱም የተለየ ነው፦ ከአንድ ሰው በቀር ማንም አይታጠቅ፤ ያም አንድ ሰው አይታወቅ። እንዲህ ያለ ብልሃት መጻሕፍቱን ከረሷቸው እንግዶች አንዱም አላሰበውም።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ዛሬ ጠዋት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን አስተካከልኩ። አይቻለሁ አልኩ፤ ሰምቻለሁ አልኩ፤ ምን እንደሰማሁም ተናገርኩ። ቀድሞ ለሰጠሁት ቃል የሚመጣብኝን እቀበላለሁ። ሐሙስም ፍርድ ቤት ቆሜ እደግመዋለሁ። አስቀድሜ ቤትዎ መጥቼ ልነግርዎ ዳድቶኝ ነበር፤ ነገር ግን እኛ የእርስዎን ቃል ከጋዜጣ ስለሰማን፣ እርስዎም የእኔን ከጋዜጣ ቢሰሙት ጨዋነት መሰለኝ። ሐሙስ ከእኔ ቀድመው መናገር ቢሹ በሩ ክፍት ነው። ክላይድ ትናንት ሸሚዙን ሳስለብሰው፣ «ሐሙስ ኤመት ሳይመጣ አይቀርም፤ ቦታ እንያዝለት» ብሎኛል። እሱ አሁንም መሬት ላይ ተዘርሮ «ተነስ» እስኪሉት ይጠብቃል። እኔ ይህን የጻፍኩት መጠበቅ ስለደከመኝ ነው።

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ የሚያስታውሱበትም ጊዜ አያሳጣዎ።

የሚስማርዎ አድናቂ፣ የሰኞ ቀጠሮዎ ጠባቂ፣ የፎጣዎም አጣቢ ሆና የቀረች፣ ባለ ብዙ ምስጋናዋ

ቬርና ፔቲት
የጠፋ ዕቃ መስኮት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎ ራስዎ በፈረሙበት የመስኮቴ ደንብ መሠረት፣ የፓርኩ የበጋ ወቅት እስኪዘጋ ድረስ ባለቤቱ ያልጠየቀው ዕቃ ላገኘው ሰው ይሰጣል። የእርስዎን ያገኘችው የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ፖሊስ ከወሰደው ቆይቷል፤ እሷ ግን አሁንም በእጇ ያለ ይመስላታል። መጥተው ቢቀበሏት።