አመዱን ለሚያስጠብቁን የእድራችን ሊቀመንበር

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ የምደብቀው የለኝምና ልናገረው። ባለፈው እሁድ ቸርች ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጭስ ጭስ ብትሸተኝ፣ ቀስ ብዬ ተነሥቼ ሦስት ወንበር ወደ ኋላ ሄድኩ። ሽታውም ተከትሎኝ መጣ። ለካ የሚሸተው እቅፌ ውስጥ ያለው፣ ከቤታችን ቃጠሎ የተረፈው መጽሐፍ ቅዱሴ ኖሯል። ያቺን ሴት ይቅርታ እየጠየቅሁ ወደ ደብዳቤዬ ልለፍ።

ለተከበሩ አቶ አንጁሎ
የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር
ጂንካ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ዝናብ ለማያስገባው ጣሪያዎ ጤና እመኛለሁ። እኔና አባቴ አቶ ተሰማ ቤታችን ከተቃጠለ አምስት ሳምንት ቢሆነንም፣ ምስጋና ለጎረቤታችን ለአበዛሽ ሳሎን፣ ደህና ነን። በመጽሔት መጻፌ እርስዎን ለማስቀየም አይደለም፤ መሥሪያ ቤትዎ ስድስት ጊዜ ብመላለስ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ስለተባልኩ፣ ምናልባት ስብሰባው ላይ መጽሔት ያነቡ እንደሆነ ብዬ ነው።

፩. ስለ አመዱ። በቃጠሎው ማግስት ሃያ የሚሆኑ የሰፈር ሰዎች አካፋና ቅርጫት ይዘው ሲመጡ፣ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው፣ ጉዳት የሚመዘግበው ኮሚቴ ሳያይ አንድ ከሰል እንኳ ቢነሣ እርዳታ እንደማናገኝ አስረድተው ሁሉንም ወደየቤታቸው ስለሸኙልን ከልብ እናመሰግናለን። ኮሚቴውን ማክሰኞ ራስዎ እንደሚያመጡ ነግረውን ነበር። የየትኛው ሳምንት ማክሰኞ እንደሆነ አለመጠየቃችን የእኛ ጥፋት ነው።

፪. ስለ ድንኳኑ። ጣሪያው ቢቃጠልም ሦስቱ የጭቃ ግድግዳዎች ቆመው ነበር። ዝናቡ ሳይመጣ የእድሩ ድንኳን ይጣልባቸው ብለን ስንለምን፣ ደንቡ ድንኳን የሚያወጣው ለሞት ብቻ መሆኑን፣ ከእኛ ቤት ደግሞ ሰው እንዳልሞተ በትሕትና አስታወሱን። እውነት ነው፤ አልሞትንም። ግድግዳዎቹ በሁለተኛው ዝናብ ተንደው ከአመዱ ጋር አንድ ሆኑ። በዚያው ሳምንት ድንኳኑ ገዘር ከተማ ላይ ለልጅዎ ምርቃት ተተክሎ እንደነበር የነገሩኝ፣ ጥብሱን በልተው የተመለሱ የታመኑ ምንጮች ናቸው። እንኳን ደስ ያለዎት። ከእንግዶቹ መካከል የሞተ ሰው አለመኖሩንም አጣርቻለሁ።

፫. ስለ 2005 ዓ.ም.። ይህን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። የእርስዎ ቤት የተቃጠለ ዕለት ቆርቆሮው ሳይበርድ፣ አባቴ ለኩሽናችን መሥሪያ ያዘጋጀውን ባሕር ዛፍ ተሸክሞ ወደ እናንተ ግቢ ወሰደው። እኔም ከአበዛሽ ጋር ጭድ የገባበት ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ አቡክቻለሁ፤ ያኔ "ጋሼ አንጁሎ" ነበር የምልዎት። ኮሚቴ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ በደጅዎ ሳልፍ የትኛው ግድግዳ የእኔ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ኩሽናችን ግን የሣር እንደሆነ ቀረ። እሳቱ የተነሣው ከእሱ ነው።

፬. ስለ አባቴ። እርስዎን እንደ ወንድሙ ያምናል። ጠዋት ጠዋት ከአበዛሽ ቤት የእንጨት ዱካ ይዞ ይሄድና አመዱ ፊት ይቀመጣል። አካፋ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ "አንጁሎ ያለው ይሁን፤ ሰው ለጎረቤቱ ክፉ አይመክርም" እያለ ይመልሳል። ሲዘንብ ዣንጥላውን ይዘረጋል እንጂ አይነሣም። የድንኳኑን ወሬ እስካሁን አልነገርኩትም። በአንድ ወር ሁለት ነገር እንዲቃጠልበት አልፈለግሁም።

ይህ መጽሔት ጂንካ የሚደርሰው ዓርብ ነው፤ አበዛሽም እንደ ልማዷ ማታ ለአባቴ ታነብለታለች። ቅዳሜ ጠዋት አመዱን እናነሣለን። አበዛሽ ሳታነብለት ራስዎ መጥተው ነገሩን ነግረውት ከዚያ ዱካ ቢያስነሡልን፣ ከየትኛውም ኮሚቴ እርዳታ በላይ በሆነልን። ቢመጡም ባይመጡም፣ ቅዳሜ አካፋ የያዘው ማን እንደነበረ፣ ዱካው ላይ የቀረውም ማን እንደሆነ ለአንባቢዎቼ አንድ ሳላስቀር እጽፋለሁ።

ለለገሡን ምክር፣ ላስተማሩን ደንብና አምስት ሳምንት ላስጠበቁን አመድ እጅ እየነሣሁ፣

የሳሎንዎን ግድግዳ ጭቃ ያቦካችው፣
አስቻለች ተሰማ

ማስታወሻ፦ አባቴ ከዝናቡ ወዲህ ያስላል። እንግዲህ የእድሩ ደንብ እኛን የሚያስታውስበት ቀን ቢመጣ፣ ድንኳኑን እንዳይልኩ አደራ። አባቴን ጣሪያ የቸገረው በቁሙ ነው።